«ሪቫይቫል» የጸሎት ጉባኤ አይደለም፦ የድሮ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲመለስ ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል፣ ወሎስ እሚመለስ ምን አላት?

ለንደን ወይ ኒውዮርክ ላይ አንድ የሚወደድ የድሮ ሙዚቃዊ ቴአትር ተመልሶ ሊመጣ ነው እሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ልጆችም ሞቅ ይላቸዋል። ፖስተሩን ይቀባበላሉ፣ ዋናዋን ገጸ ባህርይ ማን ይጫወታት እያሉ ይሟገታሉ፣ ዘፈኖቹንማ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ይህን እሚያይ ሌላ ሰው ግራ ይገባዋል፣ ቢገባውም አይፈረድበትም። አንዱ «ሪቫይቫል የቸርች ኮንፈረንስ አይደል እንዴ» ይላል፣ ሌላው «ትኬቱን ላትቆርጡ፣ ቪዛው ላይመታላችሁ፣ ምኑ ነው እሚያስፈነድቃችሁ» ይላል፣ ጠንካራው ግን ሶስተኛው ነው፤ «የሰው አገሩን ተዉትና የኛን የወሎን ኪነት ማን ይመልሰው?» ሶስቱንም በየተራ እንያቸው፣ ሶስተኛው ላይ ግን ሰፋ አርገን እንቀመጣለን፣ ምክንያቱም የሱ መልስ ያለው ሁለቱ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው

በኛ አገር ሪቫይቫል ሲባል ቀድሞ ትዝ እሚለን የሃይማኖት መነቃቃት ነው፣ ቃሉ በዛ በር ስለገባ። በቴአትሩ ዓለም ግን ጠበብ ያለ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ተሰርቶ ታይቶ ከመድረክ የወረደ ስራ፣ በሌላ አዘጋጅና በሌሎች ተዋንያን፣ ብዙ ጊዜም በሌላ የመድረክ አሰራር እንደገና ሲዘጋጅ ነው ሪቫይቫል እሚሉት። ያው የድሮው ቡድን ያንኑ ልብስ ለብሶ ከተማ ለከተማ ሲዞር ሪቫይቫል አይደለም፣ እሱ ቱር ነው። ቴአትሩ ፊልም ሲሆንም አይደለም። ቶኒ እሚባለው የብሮድዌይ ትልቁ ሽልማት ለአዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር አንድ፣ ለሪቫይቫል ደግሞ ለብቻው ሌላ ሽልማት ይሰጣል፣ ስለዚህ እንደ ድጋሚ ስርጭት ሳይሆን ራሱን እንደቻለ ስራ ነው እሚያዩት። (ብሮድዌይ እሚባለው የኒውዮርክ ትልልቅ የንግድ ቴአትር ቤቶች ስብስብ ነው፣ የለንደኑ ደግሞ ዌስት ኤንድ ይባላል።)

ሙዚቃዊ ቴአትር ደግሞ ዘፈን ጣል ጣል የተደረገበት ድራማ ብቻ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ዘፈኑን አውጥተኸው ታሪኩ ሳይጎድል ከሄደ ዘፈኑ ማጀቢያ ነበር፤ ዘፈኑ ሲወጣ ታሪኩም መሃል ላይ ከተበጠሰ እሱ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ገጸ ባህርይዋ ውሳኔዋን እምትወስነው እየዘፈነች ነው። በህንድ ፊልም ላደገ ሰው ይሄ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም።

ሄዶ ማያየው ሰው ለምን ይደሰታል

ዋናው ምክንያት አልበሙ ነው። አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው ዘፈኖቹን ይቀርጻሉ፣ ካስት አልበም ይባላል። ቴአትሩ ይወርዳል፣ አልበሙ ይቀራል። አፍቃሪው መድረኩን አይቶት አያውቅም ግን የትኛዋ ዘፋኝ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደወሰደች፣ የቱን ቃል ሰበር እንዳረገች ያውቃል። ስለዚህ አዲስ ተዋናይት ስትመረጥ ጥያቄው «ቆንጆ ትዘፍናለች ወይ» አይደለም፣ «ያቺን ቦታ እንዴት ታወርዳታለች» ነው።

ይሄን ወሎዬ ሊገባው ይገባል። አምባሰልን አንድ ሰው ሰርቶ የጨረሰው ዘፈን ብሎ እሚያዳምጠው የለም። ዜማው የታወቀ ነው፣ ሰው እሚያወዳድረው አወራረዱን ነው፣ እንጉርጉሮውን የት ጀምራ የት ጣለችው፣ ማሲንቆው ከኋላ ተከተላት ወይስ ቀደማት። ማሪቱ ለገሠን ሲሰማ ያደገ ጆሮ ሌላዋ አምባሰል ስትል የሚያደርገው ነገር፣ ያ የቴአትር አፍቃሪ ከሚያደርገው ብዙ አይለይም።

ሌላው ምክንያት ቁጭት ነው። ሜሪሊ ዊ ሮል አሎንግ እሚባል ስራ እ.ኤ.አ. በ1981 ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ 16 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ፣ ውድቀት ነበር፣ በቃ። አልበሙ ግን ተቀርጾ ስለነበር ሰው ሲያዳምጠው ኖረ፣ «ይሄ ሙዚቃ እንዴት ይወድቃል» እያለ። በ2023 በሪቫይቫል ተመለሰ፣ በ2024 የዓመቱ ምርጥ ሪቫይቫል ተብሎ ቶኒ ወሰደ። አርባ ዓመት የታመቀ ቁጭት ነው እዛ አዳራሽ ውስጥ የፈነዳው። ቺካጎ ደግሞ በ1975 ሲከፈት 936 ጊዜ ታይቷል፣ መጥፎ አልነበረም፤ በ1996 በጥቁር ልብስና በባዶ መድረክ ማለት ይቻላል፣ ባንዱን መድረኩ ላይ ቁጭ አርጎ የተመለሰው ግን ይሄው ከ10,000 ጊዜ በላይ ታይቷል። የተመለሰው ከሄደው በለጠ ማለት ነው። አፍቃሪው ይህን ታሪክ ስለሚያውቅ ነው በእያንዳንዱ ዜና ተስፋ እሚጥለው።

እሚመለሰው ወረቀቱ ነው

ወሬው ላይ ብዙ ጊዜ እሚዘለል ነገር አለ። እነዚህ ስራዎች እሚመለሱት ሰው ስለናፈቃቸው ብቻ አይደለም፣ ናፍቆት ብቻውን መድረክ አያቆምም። እሚመለሱት የተጻፉ ስለሆኑ ነው። ንግግሩ በስክሪፕት አለ። ዜማው በኖታ አለ፣ ለእያንዳንዱ መሳሪያ ለየብቻ ተገልብጦ። መብራቱ መቼ ይጥፋ፣ መጋረጃው በየትኛው ቃል ላይ ይውረድ እሚለው በመድረክ አስተዳዳሪው ደብተር ላይ ሰፍሯል። ከዛ በላይ ደግሞ የመብቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ይታወቃል፦ ደራሲው፣ ሙዚቀኛው፣ ካረፉም ወራሾቻቸው። እሚያሳየው ሰው ለነሱ ከፍሎ ፈቃድ (ላይሰንስ) ይወስዳል፣ እንደ ስራው ዓይነትም እንደ ፈቃዱም ምኑን መቀየር እንደሚችልና ምኑን እንደማይችል ይነገረዋል።

ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳን፣ አንድም የመጀመሪያው ተዋናይ በህይወት ባይኖር፣ ቴአትሩ ይቆማል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወሎ ጋ ስንደርስ ይፈለጋል።

እንደነበረ ይምጣ ወይስ ይታደስ

አፍቃሪዎች እርስ በርሳቸው እሚጣሉበት ቦታ ይሄ ነው። አንዱ ወገን «እንደወደድኩት አምጡልኝ» ይላል። ሌላው «እንደነበረማ ከሆነ አልበሙ አለኝ፣ አዲስ ነገር ካላሳያችሁኝ ለምን ትደክማላችሁ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን እንደኔ እንደኔ ሁለተኛው ያመዝናል፣ ምክንያቱም ትዝ ያሉን ስራዎች በጊዜያቸው አዲስ ስለነበሩ ነው ትዝ ያሉን።

ኦክላሆማ እሚባለው በ1943 የተከፈተው የገበሬና የከብት ጠባቂ ታሪክ በ2019 ብሮድዌይ ሲመለስ ከትልቅ ኦርኬስትራ ወደ ሰባት ሰው ባንድ ወረደ፣ አዳራሹ ውስጥ መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ተመልካቹና ተዋናዩ እየተያዩ ነበር፣ እረፍት ላይ ቺሊ እሚባል ወጥ ለተመልካቹ ታደለ። ቃሉ ያው የድሮው ነው፣ ግን ድሮ እንደ ደስታ ታሪክ የታየው ሲመለስ የሚያስፈራ ሆኖ መጣ። ግማሹ ሰው አበደለት፣ ግማሹ ተናዶ ወጣ።

ኤቪታ ደግሞ በ2025 ክረምት ለንደን ፓላዲየም ላይ ሲመለስ የአዘጋጁ ውሳኔ ከለንደን አልፎ እዚህ ድረስ ወሬ ሆኗል። ታሪኩ የአርጀንቲናዋ የፕሬዚዳንት ሚስት የኤቫ ፔሮን ነው፣ ዋናው ዘፈን ደግሞ ከቤተመንግሥት ሰገነት ላይ ለህዝብ እምትዘፍነው ነው። አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ ምን አደረገ፣ ተዋናይቷን ራቼል ዜግለርን ከመድረኩ አውጥቶ የቴአትር ቤቱ የውጭ ሰገነት ላይ አቆማት፣ ከታች መንገድ ላይ ለቆመ አላፊ አግዳሚ በነጻ እየዘፈነች፣ ትኬት ቆርጦ ውስጥ የተቀመጠው ከ2,000 በላይ ሰው ደግሞ በስክሪን እያያት። «ገንዘብ ከፍዬ ቪዲዮ ልይ?» ያለ ነበር። ግን ቆም ብሎ ላሰበው ሰውየው ታሪኩን ነው የፈታው፦ ኤቫ ፔሮን ሀብታሞቹን ትታ ለመንገዱ ህዝብ እምትናገር ሴት ናት፣ ወይም እንደዛ እምትመስል። ከውስጥ ያለው ተመልካች ለአንድ ዘፈን ያህል የተተወው ሀብታም ሆነ። አንድ ቃል ሳይቀየር ትርጉሙ ተገለበጠ።

እሚቀየርበትም ጊዜ አለ። አኒ ጌት ዩር ገን በ1946 ሲሰራ የአሜሪካን ቀደምት ነዋሪዎች መቀለጃ ያረገ ነበር፣ በ1999 ሲመለስ ስክሪፕቱ ተከለሰ፣ በነሱ ላይ የሚቀልድ አንድ ዘፈንም ወጣ። «ታሪክ አይቆረጥም» እሚሉ ተቃውመዋል፣ «ሰው እየሰደብክ አታዝናና» እሚሉ ደግፈዋል።

ገንዘቡን ባጭሩ፦ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር በአስር ሚሊዮን ዶላሮች ይፈጃል፣ አብዛኛው ወጪውን አይመልስም። ሪቫይቫል ለፕሮዲዩሰር (ገንዘብ አሰባስቦ ስራውን ለሚያሰራው ሰው) ስሙን ቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች ይሰጠዋል። ፍቅር ብቻ አይደለም ስሌትም ነው።

ወደ ወሎ ስንመጣ

«የኛስ ኪነት?» እሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው ልቡ እሚሄደው ወደ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው፣ በደርግ ጊዜ የወሎን ዘፈንና እስክስታ በየመድረኩ ይዞ የዞረው። ማሪቱም ከዛ ቤት ነው የወጣችው። «እሱ የኛ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር» እሚሉ አሉ፣ ግማሽ እውነት ነው። የዛን ጊዜ የኪነት ዝግጅት ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ አጫጭር ድራማ በአንድ ምሽት ያጣምር ነበር፣ ግን አንድ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በዘፈን እሚሄድበት አልነበረም። ቢሆንም ሰው የሚናፍቀው የዛን ዓይነት ምሽት ነውና ቃሉ ላይ አንጣላም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ወረቀቱ ያልኩት ቦታ። አገሪቱ ውስጥ የድሮ ቴአትር መመለስ ሲታሰብ መነሻ አለ፦ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ጽሑፍ ነው፤ በተውኔት ውስጥ መዝሙርና ቅኔ እያስገቡ የሰሩት ዮፍታሔ ንጉሤም የጻፉ ሰው ናቸው። የወሎ የኪነት ምሽት ግን ያለው በአብዛኛው በካሴትና በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ካሴት ዘፈኑን ይይዛል፣ እግሩን አይይዝም። ማን ከየት ገባ፣ ወንዶቹ መቼ ዞሩ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገሩ ክራሩ ስንት ጊዜ ብቻውን ተመታ፣ እሱን ካሴት አይነግርህም።

ኖታውስ? ቅኝቶቹን (ዜማው እሚሰራባቸውን የድምጽ አደራደሮች) መጻፍ ይቻላል። ባቲ በአንደኛው መልኩ ዶ ሚ ፋ ሶ ሲ ነው፣ ትዝታ ደግሞ ዶ ሬ ሚ ሶ ላ፣ አምስት አምስት ድምጽ። ልዩነታቸው በወረቀት ላይ ሁለት ድምጽ ብቻ ነው፣ ጆሮ ላይ ግን ሰኞ ባቲ ገበያ መሃል ከመቆምና ማታ ብቻህን ከመቀመጥ ጋር እሚወዳደር ልዩነት ነው። ወረቀቱ እማይይዘው በድምጾቹ መሃል ያለውን መንሸራተት ነው፣ ማሲንቆው ላይ ጣት እሚያረገውን። ደግሞ ግጥሙ እዛው ተቀባብሎ እሚመጣ ሲሆን፣ ሰምና ወርቁ ፊት ለፊት በተቀመጠው ሰው ላይ ሲሰራ፣ የትኛውን ነው «ኦሪጅናል ስክሪፕት» እምንለው? «እኛ ጋ ሪቫይቫል አያስፈልግም፣ ሁሌም አዲስ ነው» እሚሉ ሰዎች ይህን ነው እሚሉት፣ ቀላል ክርክር አይደለም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል ሲባል ማንም ስክሪፕት አይዝም፣ ታላቅ እህት ለታናሽ ታሳያለች፣ ይቀጥላል።

ግን «የኛ ነገር በጽሑፍ አይያዝም» ሲባል ወሎ ላይ አይሰራም፣ ምክንያቱም ወሎ ይዛ አሳይታለች። የቤተክርስቲያኑን ዜማ በምልክት የጻፉት በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፣ የት ቢሉ እዚሁ ሳይንት፣ ተድባበ ማርያም። ከቃሉ በላይ በምታርፍ ትንሽ ምልክት ድምጹ የት ይውጣ የት ይውረድ ተብሎ። ምልክቱ ብቻውን አይበቃም፣ መሪጌታው አጠገብ ቁጭ ብለህ ነው እምትማረው፣ ግን ምልክቱ ስላለ መሪጌታ ቢያርፍ ዜማው አብሮት አይቀበርም። በሌላ በኩል መንዙማው አለ። እንደ ሼህ ጠልሃ ጀዕፈር ያሉ ኡለማዎች አማርኛውን በአረብ ፊደል (አጀሚ ይባላል) ጽፈው ነው ያቆዩት፣ ሐድራው (የጸሎቱ ጉባኤ) ላይ ደግሞ እየተደጋገመ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ሁለቱም ጋ መንገዱ አንድ ነው፦ የተጻፈ ነገር፣ እሚያስተምር ሰው፣ ተመልሶ እሚመጣ ቀን። ኪነቱ ጋ የጎደሉት እነዚህ ናቸው። ቡድኑ የቆመው በመንግሥት ነበር፣ መንግሥቱ ሲወድቅ ደሞዙም መድረኩም ሄደ፣ ሙያው በየሰው ተበተነ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተቋማት ሲዘረፉ ስንት የወረቀትና የካሴት ክምችት አብሮ ሊሄድ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ባለቤቱ ማነው

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ከህይወቱ በኋላ 50 ዓመት መብት ይሰጣል። ዮፍታሔ ንጉሤ ያረፉት በ1939 ዓ.ም. ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ስራዎቻቸውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ማንም መድረክ ላይ ሊያቆማቸው ይችላል፣ ሰው ግን ይህን ስለማያውቅ ነው መሰለኝ አይነካቸውም። የኪነት ቡድን ስራ ግን ይወሳሰባል። በቅጥር ላይ እያለ የተሰራ ስራ ሌላ ውል ከሌለ የአሰሪው ነው እሚል መርህ አዋጁ ውስጥ አለ፣ አሰሪው ደግሞ የፈረሰ መንግሥት ክፍለ ሀገር ነው። ግጥሙን የሰጠው ሰው ሰራተኛ ነበር ወይስ ከጎረቤት የመጣ አልቃሽ? ዜማው የግለሰብ ነው ወይስ የአገር? ባቲ ቅኝት የማንም ንብረት አይደለም፣ በባቲ የተሰራ አንድ የተወሰነ ዘፈን ግን የሆነ ሰው ነው። የተቀረጸ የዘፋኝ ድምጽ ላይ ያለው መብት ደግሞ ከተቀረጸበት ዓመት ተቆጥሮ 50 ዓመት ነው፣ በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ የተቀረጹት ጊዜያቸው አሁን እየደረሰ ነው።

ቢመለስስ ምን ይገጥመዋል

አንድ ሰው ነገ ተነስቶ የኪነቱን ምሽት ደሴ ወሎ ባህል አምባ ላይ ልመልስ ቢል፣ አብሽር ከማለት በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። ከዘፈኖቹ ስንቱ ለመንግሥት ሙገሳ የተሰራ ነው፣ እነሱ ይውጡ ወይስ ይቅሩ? ቢቀሩ ያኔ የ77ን ረሃብ ያየ ተመልካች ፊት እንዴት ይዘፈናሉ? ቢወጡ ምሽቱ በዛ ዘመን ያላለፈ ይመስላል። እኔ ቢቀሩ እመርጣለሁ፣ ግን ኤቪታ ላይ እንደተደረገው አዘጋጁ ቃሉን ሳይነካ የት ቆሞ እንደሚዘፈን ከወሰነ ነው፣ መድረኩ ራሱ ይናገር።

ሌላው ተመልካቹ ነው። የኪነቱን ጊዜ ያየው ሰው «እንደነበረ» ይላል፣ ልጁ ደግሞ ያደገው በስልክ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ አይልም። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ግን አንደኛው መናደዱ አይቀርም፣ ኦክላሆማ ላይም ሰው ተናዶ ወጥቷል፣ ስራው ግን አልወደቀም።

ከዚህ ሁሉ በፊት እሚመጣው ስራ ግን መድረክም አይፈልግም፣ ቴፕና ደብተር ነው እሚፈልገው። ካሴቱን እያስቆሙ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ መጻፍ፦ ይሄን ግጥም ማን ሰጠ፣ ይሄን ክራር ማን መታ፣ እዚህ ጋ ስታጨበጭቡ እግራችሁ ምን ያረግ ነበር። ብዙ ጊዜ የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ያለው የዘፋኟ ስምና ፎቶ ብቻ ነው፣ ከኋላዋ ማሲንቆ የያዘው ሰው ፊቱ ግማሹ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል።